አንገቱ ከተቀላ ንጉሥ እስከ ሌዋታን፦ በ17ኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዝ የታተሙ የፖለቲካ ምሳሌያዊ ሥዕሎች

ብራና ፈታች (ውይይቱን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ቤተሰቦች።

በ16ኛውና በ17ኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓ የታተሙት ምሳሌያዊ ሥዕሎች ሲነሡ ብዙ ጊዜ የሚታዩት እንደ መጽሐፍ ማስጌጫ ነው። እኔ ግን አንዳንዶቹ ራሳቸውን የቻሉ የፖለቲካ ሙግቶች እንደነበሩ፣ እንዲያውም በጽሑፍ ከቀረበ ሙግት ይልቅ መልስ ለመስጠት የሚያስቸግሩ እንደነበሩ አምናለሁ። ይህን ለማስረዳት መላውን አውሮፓ ከማዳረስ በአንድ አገርና በጥቂት ዓመታት ላይ መቆም ይሻላል፤ አገሩ እንግሊዝ ነው፣ ዘመኑም ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ተፈርዶበት ከተገደለበት ከ1649 ጀምሮ ያለው ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቻርልስ ጃንዋሪ 30 ቀን 1649 ለንደን ውስጥ፣ በኋይትሆል ቤተ መንግሥት የግብዣ አዳራሽ ፊት ለፊት በተሠራ መድረክ ላይ አንገቱ ተቀላ። ወደ መድረኩ የወጣው በዚያው አዳራሽ በኩል ሲሆን፣ ከራሱ በላይ የነበረው ጣሪያ እርሱ ራሱ ሠዓሊውን ሩበንስን ያሣለው፣ አባቱ ንጉሥ ጄምስ ወደ ሰማይ ሲወሰድ የሚያሳይ ሥዕል ነበር። በዚያው ሰሞን «ኤይኮን ባሲሊኬ»፣ ማለትም «የንጉሥ መልክ» የተሰኘ መጽሐፍ በከተማው ተሰራጨ። መጽሐፉ በንጉሡ አንደበት የቀረበ ጸሎትና ትካዜ ነው፤ ዘውዳዊው ሥርዓት ከተመለሰ በኋላ ጆን ጎደን የተባለ የቤተ ክርስቲያን ሰው ጽሑፉ የእኔ ነው ብሏል። በመጀመሪያው ዓመት በእንግሊዝኛ ብቻ 35 ያህል ጊዜ ታትሟል። እኔን የሚመለከተኝ ግን መጽሐፉ ሲገለጥ ፊት ለፊት የሚገኘው ዊልያም ማርሻል በመዳብ ላይ የቀረጸው ሥዕል ነው።

ንጉሡ መጽሐፍ ቅዱስ ከተዘረጋበት ጠረጴዛ ፊት ተንበርክኳል። የወርቁ ዘውድ ከእግሩ አጠገብ መሬት ላይ ወድቋል፤ በላዩም «ከንቱነት» የሚል የላቲን ቃል ተጽፎበታል። በእጁ የያዘው የእሾህ አክሊል ነው፤ በእርሱ ላይ «ጸጋ» ይላል። ዓይኑ ወደ ሰማይ አቅንቶ ሦስተኛውን አክሊል ይመለከታል፤ «ክብር» ይባላል። ከዓይኑ እስከዚያ አክሊል ድረስ አንድ የብርሃን መስመር ተሰምሯል። ከኋላው ከጥቁር ደመና የወጣ ሌላ ጨረር ማጅራቱን ያበራዋል፤ «ከጨለማ ውስጥ ይበልጥ ደምቆ» የሚል ጽሑፍ አለው። ራቅ ብሎ ነፋስ የሚገርፈው ባሕርና በመካከሉ የማይነቃነቅ ዐለት ይታያል። ከዚያም ክብደት የተንጠለጠለበት የዘንባባ ዛፍ አለ፤ መሪ ቃሉ «በጎነት በሸክም ሥር ያድጋል» የሚል ነው።

አንባቢዎች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው በሥዕሉ ውስጥ የሌለውን ነገር ነው። መጥረቢያ የለም። ገዳይ የለም። ፓርላማ፣ ዳኛ፣ ወታደር አንዳቸውም የሉም። ንጉሡን የገደሉት ሰዎች ከሥዕሉ ፈጽመው ስለወጡ፣ ይህን ሥዕል ለመቃወም የሚፈልግ ሰው «እኔን በሐሰት ከሰሰኝ» ብሎ የሚጀምርበት ቦታ አያገኝም። የጌቴሴማኒን ጸሎት የሚያውቅ አንባቢ ንጉሡን ከማን ጋር እንደሚያመሳስለው ማንም ሊነግረው አያስፈልግም፤ ድምዳሜውን ራሱ ይደርስበታል፤ ራሱ የደረሰበትን ድምዳሜ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። የእናንተን ሐሳብ እጠብቃለሁ።

ቀለም ጠብታ

ወንድም ብራና ፈታች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሥዕሉን ፈልጌ አገኘሁትና ጽሑፍዎን ይዤ ተመለከትኩት። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ዘንባባው ለምን ክብደት እንደተንጠለጠለበት አልገባኝም። መዝሙረኛው «ጻድቅ እንደ ዘንባባ ያፈራል» ማለቱን አውቃለሁ፤ ስለ ሸክም ግን አላለም። ሁለተኛ፣ ላቲን የማያውቅ ነጋዴ ወይም አናጢ ይህን ሁሉ እንዴት ሊያነበው ይችል ነበር?

የታሪክ አስተማሪ

እኅት ቀለም ጠብታ፣ የዘንባባው ነገር ከመጽሐፍ ቅዱስ ሳይሆን ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የመጣ ነው። ዘንባባ ሸክም ሲጫንበት ወደ ታች በመጉበጥ ፈንታ ወደ ላይ ይነሣል ብለው ያምኑ ነበር። ይህን እምነት ወደ ኅትመት ዓለም ካስገቡት አንዱ የሚላኑ የሕግ ሊቅ አንድሬያ አልቻቶ ነው፤ የእርሱ የምሳሌያዊ ሥዕሎች መጽሐፍ በ1531 አውግስቡርግ ከተማ ከታተመ ወዲህ ይህ የአጻጻፍ ስልት በመላው አውሮፓ ተስፋፋ።

ስልቱ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ከላይ አጭር መሪ ቃል፣ ከመካከል ሥዕል፣ ከሥር ግጥም። ለእኛ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ላንሣ። ከአልቻቶ ሥዕሎች በአንደኛው ላይ መሪ ቃሉ «የማይቻል ነገር» ይላል፤ በሥዕሉ ሰዎች አንድን ጥቁር ሰው ያጥባሉ፤ ግጥሙም ኢትዮጵያዊን በከንቱ ለምን ታጥባለህ፣ የጥቁሩን ሌሊት ጨለማ ማንም ሊያበራ አይችልም ይላል። የጥንት ተረት ነው፤ «ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ወይስ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» የሚለውን የኤርምያስን ቃል ለሚያውቅ የአውሮፓ አንባቢም እንግዳ አልነበረም። በ1586 ጄፍሪ ዊትኒ የተባለ እንግሊዛዊ በሌይደን ባሳተመው ስብስብ ውስጥም ይኸው ምሳሌ ይገኛል። ስለ ሰዎቻችን የተላለፈውን መልእክት ሳነበው ያሳዝነኛል፤ የስልቱን አሠራር ለማየት ግን ግልጽ ማስረጃ ነው፤ ቃሉ ብቻውን ምንም አይልም፣ ሥዕሉ ብቻውን ተራ የመታጠብ ትዕይንት ነው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ፍርድ ይሆናሉ።

ላቲን ለማያውቀው ሰው መልሱ በራሱ በንጉሡ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ከሥዕሉ ጋር የምሳሌው ፍቺ በላቲንና በእንግሊዝኛ ግጥም ታትሟል፤ ንጉሡ እንደ ዘንባባ ብጫንም ከፍ እላለሁ፣ እንደ ዐለት ማዕበሉን አሸንፋለሁ እያለ አንድ በአንድ ያስረዳል። ማንበብ የማይችለውም ቢሆን የወደቀውን ዘውድና የእሾኹን አክሊል ለይቶ ለማወቅ ፊደል አያስፈልገውም ነበር።

ብራና ፈታች ግን ለሥዕሉ ከሚገባው በላይ ክብር ሰጥተዋል ብዬ እፈራለሁ። ሕዝቡ መጽሐፉን የገዛው የሟቹን ንጉሥ ጸሎት ለማንበብ ነው። በተጨማሪም ጠላትን ከሥዕሉ ማስወጣት የዘመኑ ደንብ አልነበረም። በኔዘርላንድ በስፔን አገዛዝ ላይ በተነሣው ዐመፅ ጊዜ የስፔን ንጉሥ አገሩን እንዲገዛ የላከውን የአልባውን መስፍን በመቃወም የታተሙትን ሥዕሎች ይመልከቱ። መስፍኑ በዙፋን ተቀምጧል፤ ዐሥራ ሰባቱ አውራጃዎች በሴቶች ተመስለው በሰንሰለት ታስረው ፊቱ ተንበርክከዋል፤ የስፔን ንጉሥ አማካሪ የነበረው ካርዲናል ግራንቬል በወናፍ በጆሮው ነፋስ ይነፋበታል፤ ከእርሱ በፊት አገሩን ታስተዳድር የነበረችው የፓርማዋ ማርጋሬት በደም ኩሬ ውስጥ ታጠምዳለች፤ ከበስተጀርባ ጁን 5 ቀን 1568 ብራስልስ ላይ የተገደሉት የኤግሞንትና የሆርን መሳፍንት አንገት ይቀላል። እዚህ ላይ ጠላት ሥዕሉን ሞልቶታል፤ ሥዕሉም ብዙ ጊዜ ተባዝቶ ተሰራጭቷል።

ብራና ፈታች

መምህር፣ የአልባው ዙፋን ሥዕል ማነጻጸሪያ ስለሆነልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ግን የሥራ ልዩነት ይታየኛል። የኔዘርላንዱ ሥዕል የክስ መዝገብ ነው፤ ተመልካቹ ማን ምን እንዳደረገ እንዲያውቅና እንዲቆጣ ይፈልጋል። ስለዚህም ሊመለስ ይችላል። አልባ በበኩሉ በ1571 አንትወርፕ ምሽግ ውስጥ ዐመፀኞችን ረግጦ የቆመ የነሐስ ሐውልቱን አስተከለ፤ ነሐሱም በጦርነት ከተማረኩ መድፎች የቀለጠ ነበር። ተተኪው ሬኬሴንስ በ1574 ሐውልቱን አስነሣው፤ የሕዝቡን ቁጣ ማባባሱን ተረድቶ ነበርና። ክስና መልስ በዚህ መልክ ይቀጥላል። የማርሻል ሥዕል ግን አይከስም፤ ይቀድሳል።

ጸሎቱ ነው የተሸጠው ለሚለው ባለቅኔውን ጆን ሚልተንን ልጥቀስ። ንጉሡ ከተገደለ በኋላ ያለ ንጉሥ የቆመው አዲሱ መንግሥት፣ ማለትም ሪፐብሊኩ፣ ለንጉሡ መጽሐፍ መልስ እንዲጽፍ አዘዘውና በኦክቶበር 1649 «ኤይኮኖክላስቴስ»፣ ማለትም «መልክ ሰባሪው» የተሰኘውን መጽሐፍ አወጣ። ምዕራፍ በምዕራፍ እየተከተለ ጽሑፉን ያፈርሳል፤ እንዲያውም ንጉሡ ጸለየው ከተባለው ጸሎት አንዱ ከፊሊፕ ሲድኒ ልብ ወለድ የተወሰደ መሆኑን አጋልጧል። ይህ ከባድ ምት ነው። ወደ ሥዕሉ ሲመጣ ግን ማስረጃ አያቀርብም፤ የቤተ መንግሥት የጭምብል ትርኢት ይመስላል፣ ጅሎችንና አፍጥጠው የሚያዩ ተመልካቾችን ለማጥመድ የተቀመጠ ነው ብሎ በመስደብ ያልፈዋል። በሙግት ከሚልተን የሚስተካከል ሰው በአገሩ ብዙ አልነበረም፤ እርሱ ሥዕሉን ከመስደብ በቀር ሌላ መልስ ካላገኘለት፣ ሥዕሉ ከቃሉ የተለየ ጉልበት ነበረው ማለቴ ትክክል ይመስለኛል።

የሪፐብሊኩ ትልቁ ችግር ደግሞ በሥዕል መልስ ለመስጠት የሚያሳየው ፊት ማጣቱ ነበር። የመንግሥት ትእዛዝ በሚጸናበት በታላቁ ማኅተም ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በዙፋን የተቀመጠና በፈረስ የጋለበ ንጉሥ ነው። በ1649 ቶማስ ሳይመን የቀረጸው አዲሱ ማኅተም በአንድ ፊቱ የእንግሊዝንና የአየርላንድን ካርታ፣ በሌላው ፊቱ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በስብሰባ ላይ እንዳለ ያሳያል። ማኅተሙን አጉልታችሁ ብታዩት አባላቱ በየወንበሩ ተደርድረው የሚታዩት እንደ ጥቃቅን ፍሬ ነው፤ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ሥልጣን የአንድ ሰው አካል ሳይሆን የአንድ አዳራሽ ጉባኤ ነው ይላል። ነገር ግን ተንበርክኮ የሚጸልይን ሰው የወደደ ሕዝብ አዳራሽን እንዴት ይወድዳል? በለንደን የንግድ አዳራሽ የነበረው የቻርልስ ሐውልት ከተነሣ በኋላም በቦታው «የነገሥታት የመጨረሻው፣ አምባገነኑ፣ ወጣ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ተቀረጸ። በምስል ፈንታ ጽሑፍ መሆኑ ለእኔ ብዙ ይናገራል።

ጎጃሜ አንባቢ

ማኅተሙን እኔም አየሁት። ዙሪያውን በተጻፈው ላይ ነጻነት በተመለሰበት በመጀመሪያው ዓመት ይልና 1648 ይላል። ንጉሡ የሞተው በ1649 አይደለም እንዴ?

የታሪክ አስተማሪ

ያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር አዲሱ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ ጃንዋሪ 1649 የምንለው በእነርሱ ቆጠራ ገና 1648 ነው። የራሳችንን ዘመን አቆጣጠር ለምናውቅ ይህ ብዙ አያስቸግርም።

ፍኖተ ሕግ

ውይይቱን በጥሞና ስከታተል ቆይቻለሁ። ብራና ፈታች «የሚያሳየው ፊት ማጣቱ» ያሉት ነገር በቀጥታ ወደ ፈላስፋው ቶማስ ሆብስ «ሌዋታን» ይወስደኛል፤ በኢዮብ መጽሐፍ በተጠቀሰው ታላቅ አውሬ የተሰየመ ስለ መንግሥት ሥልጣን የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ሕግ ስማር መጽሐፉን እንጂ ሥዕሉን ማንም አላስተዋወቀኝም ነበር፤ ዛሬ ግን ያለ ሥዕሉ መጽሐፉ ጎዶሎ ሆኖ ይሰማኛል።

መጽሐፉ በ1651 ለንደን ታተመ። ሆብስ የጻፈው ግን በስደት በኖረበት በፓሪስ ሲሆን፣ የመክፈቻውን ሥዕል ሠርቷል ተብሎ የሚታመነውም የፓሪሱ ቀራጭ አብርሃም ቦስ ነው። ከተራሮች ጀርባ አንድ ግዙፍ ዘውድ የጫነ ሰው ብቅ ብሏል፤ በቀኝ እጁ ሰይፍ፣ በግራው የጳጳስ በትር ይዟል። በላዩ ከኢዮብ መጽሐፍ የተወሰደ፣ በምድር ላይ የሚስተካከለው ኃይል የለም የሚል የላቲን ቃል አለ። ቀረብ ብለው ሲመለከቱት የግዙፉ ሰው ደረትና ክንዶች በጥሩር የተሸፈኑ ይመስሉና፣ ይበልጥ ሲቀርቡ እያንዳንዱ የጥሩር ቅርፊት ሰው መሆኑ ይታያል። ከ300 የሚበልጡ ሰዎች ናቸው፤ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ካባ የለበሱ። ሁሉም ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ግዙፉ ሰው ራስ አዙረዋል።

ከሥሩ ሁለት ዓምዶች አሉ። በሰይፉ በኩል ቤተ መንግሥት፣ ዘውድ፣ መድፍ፣ የጦር መሣሪያና የጦር ሜዳ ተደርድረዋል፤ በበትሩ በኩል ደግሞ እያንዳንዳቸው ትይዩ አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ የጳጳስ አክሊል፣ የውግዘት መብረቅ፣ በመጨረሻም የሊቃውንት ክርክር። እኔን እጅግ የሚማርከኝ ከመሣሪያዎቹ ትይዩ ያለው ነው፤ የአመክንዮ ስልቶች እንደ መንሽ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጥርስ ሆነው ተሥለዋል፣ በየጥርሱም ላይ የክርክር ቃላት ተጽፈዋል። ሥዕሉ የሚለው የካህናት ክርክርም ጦር መሣሪያ ነው፣ ስለዚህም ሰይፉን በያዘው በዚያው አንድ ሰው እጅ መግባት አለበት ነው። እንግሊዝ በሃይማኖት ክርክር ተከፋፍላ ለዓመታት ከተዋጋች በኋላ ይህ የባዶ ሜዳ ፍልስፍና አልነበረም።

ከተማይቱ ባዶ ናት። በመንገዶቿ ከወታደሮችና በቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ ከቆሙ፣ የወፍ መንቁር የመሰለ ጭምብል ካጠለቁ ሁለት የወረርሽኝ ሐኪሞች በቀር ሰው አይታይባትም። ሕዝቧ ሁሉ ወደ ግዙፉ ሰው አካል ገብቷልና።

የሆብስ ሙግት ብዙ ሰዎች አንድ የሚሆኑት የሚወክላቸው አንድ ሲሆን ነው የሚል ነው። ሪፐብሊኩ በማኅተሙ ላይ ሊያሳየው ያልቻለውን ሆብስ በአንድ ሥዕል አሳየ፤ ብዙኃኑም አሉ፣ ፊቱም አለ።

የታሪክ አስተማሪ

ፍኖተ ሕግ፣ መልካም ንባብ ነው። ነገር ግን ሌዋታንን ለሪፐብሊኩ ችግር የተሰጠ መልስ አድርገን እንዳንወስደው እሰጋለሁ። ሆብስ በፓሪስ የስደተኛው ልዑል፣ የኋላው ዳግማዊ ቻርልስ፣ የሒሳብ መምህር የነበረ ሰው ነው። የግዙፉ ሰው ፊት የማን እንደሆነም ሊቃውንት አልተስማሙም፤ ዳግማዊ ቻርልስን ይመስላል የሚሉ አሉ፣ የሪፐብሊኩን የጦር መሪ ክሮምዌልን ይመስላል የሚሉም አሉ።

ብራና ፈታች

ፊቱ የማንም ሊሆን መቻሉ ለሆብስ ሐሳብ የተስማማ ይመስለኛል፤ እርሱ የሚከላከለው የሥልጣኑን አንድነት እንጂ የአንድን ቤተሰብ ዘር አይደለምና። የመምህርን ማስጠንቀቂያ የሚያጠናክር ሌላ ማስረጃም አለ። ሆብስ ለዳግማዊ ቻርልስ በብራና ላይ የተጻፈ አንድ ቅጂ አበርክቶ ነበር፤ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በዚያ ቅጂ ላይ በእጅ በተሣለው ሥዕል የግዙፉ ሰው አካል ከሙሉ ቁመና ሳይሆን ከፊቶች የተሠራ ነው፤ ፊቶቹም ወደ ውጭ፣ ወደ ተመልካቹ ይመለከታሉ። ተመልካቹ ደግሞ ንጉሡ ነው።

ይህን ልዩነት ቀለል አድርገን ማለፍ የለብንም። በታተመው ሥዕል መጽሐፉን የያዘው ተራ አንባቢ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ እንደ እነርሱ ወደ ግዙፉ ሰው ራስ ያንጋጥጣል፤ እርሱም ከእነርሱ አንዱ ይሆናል። በብራናው ሥዕል ግን ንጉሡ ከሕዝቡ ዓይን ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። አንድ ምሳሌ ለገዢና ለተገዢ በሁለት መንገድ ተሣለ ማለት ነው። የማርሻል ንጉሥ ማንንም አይመለከትም፤ ከዓይኑ የወጣው መስመር በቀጥታ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ተመልካቹም የሌላ ሰው ጸሎት ላይ የደረሰ ምስክር ይሆናል። እነዚህን ሥዕሎች ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው ዓይኖቹ ወዴት ይመለከታሉ፣ እኔንስ የት ያቆሙኛል የሚለውን ነው።

ቀለም ጠብታ

አንድ ነገር ልጨምር። ማርሻል ሥዕሉን በመዳብ ላይ ከቀረጸው ያን ያህል ቅጂ እንዴት ወጣለት? መዳብ አያልቅም?

መዳብ ቀራጭ

የኅትመት ሥዕል ሥራ ሙያዬ ስለሆነ ይህን እኔ ልመልስ። መዳብ ያልቃል። በእንጨት ቅርጽ ቀለም የሚይዘው ጎልቶ የቀረው ክፍል ነው፤ ስለዚህ ከፊደሉ ጋር በአንድ ማተሚያ ይታተማል። በመዳብ ግን ቀለሙ የሚገባው በተቆፈረው መስመር ውስጥ ነው፤ ገጹ ይጠረግና እርጥብ ወረቀት ተጭኖበት በሁለት ሲሊንደሮች መካከል በብርቱ ጫና ያልፋል። በየማለፉ ቀጫጭኖቹ መስመሮች እየደከሙ ይሄዳሉ። የማርሻል ሥዕል በዚህ ምክንያት ደጋግሞ እንደገና መቀረጽ ነበረበት፤ በየእትሙ ትንንሽ ልዩነቶች የሚታዩትም ለዚህ ነው። የመዳብ ሥዕል የተለየ ማተሚያ ስለሚፈልግ ለብቻው ታትሞ ወደ መጽሐፉ የሚገባ ቅጠል ነው፤ ተነጥሎም ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ብራና ፈታች ሥዕሉ ከቃሉ የተለየ ጉልበት ነበረው ሲሉ፣ በእጅ ሲያዝም የተለየ ወረቀት መሆኑን ማሰብ ይጠቅማል።

ስለ ፊት ለተነሣው ጉዳይም ከሙያው ወገን የምለው አለ። ፒየር ሎምባር የተባለ ፈረንሳዊ ቀራጭ፣ ሠዓሊው ቫን ዳይክ ቻርልስን በፈረስ ላይ ከሣለው ሥዕል ተነሥቶ በ1650ዎቹ አንድ ትልቅ የመዳብ ሥዕል ሠራ፤ በኮርቻው ላይ ያስቀመጠው ግን ክሮምዌልን ነው። ከዚያው መዳብ የታተሙ፣ ፈረሰኛው ራስ የሌለው ሆኖ የሚታይባቸው ቅጂዎች አሉ፤ በኋላ ደግሞ የቻርልስ ራስ ገብቶበታል። በ1658 ዊልያም ፌይቶርን የቀረጸው፣ ክሮምዌል ጥሩር ለብሶ በሁለት ዓምዶች መካከል የባቢሎንን ሴት ረግጦ የቆመበት ሥዕልም ከብዙ ዓመታት በኋላ ሳልሳዊ ዊልያም በክሮምዌል ቦታ ተተክቶበት ታትሟል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የድሮው ፊት በመፋቂያ ይፋቃል፤ ቦታው ስለሚጎደጉድ መዳቡ ተገልብጦ ከጀርባው በመዶሻ ቀስ እየተባለ ይመታና ገጹ ይስተካከላል፤ ከዚያ በማለስለሻ ብረት ይታሻል፣ አዲሱም ፊት ይቀረጻል። እጅ ካልሠለጠነ በአንገቱ ዙሪያ የድሮው ሰው ጸጉርና ክሳድ ጥላ ይቀራል። ፈረሱ፣ ጥሩሩ፣ ዓምዱና የተረገጠችው ሴት ግን አይነኩም፤ የሚለወጠው ራሱ ብቻ ነው።